ውዳሴ ለቦይለር ጠቢቦቻችን

ሰሞኑን ብርዱ ሲጠና ከኮዬ ፈጬ እስከ የካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ጀሞ በየኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ የሚሰማው ምክር አንድ ሆኗል፦ «የቦይለሩ ብሬከር ከጣለብህ በትልቅ ቀይረው!» እሰይ፣ ይበል! እንዲህ ያለ ጠቢብ በየብሎኩ እያለልን ኤሌክትሪሻን ማሠልጠን ምን ይሉታል?

እስቲ ነገሩን እንየው። ባለ 1500 ዋት ቦይለር በ220 ቮልት የሚስበው 7 አምፔር እንኳ አይሞላም። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ከጣለ አንድ የሚለው ነገር አለው። ወይ ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ የሬዚስታንሱ፣ ቆዳ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል፣ ወይ የብሬከሩ ብሎን ላልቶ እየጋለ ነው፣ ወይ እንጀራ እየተጋገረ ነው፤ 3500 ዋት ምጣድና 1500 ዋት ቦይለር በአንድ መስመር ሲገናኙ 22 አምፔር ያልፋሉ። ለመለየት ዋናውን ማጥፋት፣ ሁለቱን ሽቦዎች ከሬዚስታንሱ መንቀልና መልቲሜትር ማስነካት ይበቃል። ጫፍ ከጫፍ 32 ኦም ገደማ ካነበበ ደህና ነው። ከጫፉ ወደ ጋኑ ብረት ግን ምንም ማንበብ የለበትም፤ ካነበበ ሬዚስታንሱ ይቀየራል። አለቀ። ጠቢባችን ግን ለዚህ ጊዜ የለውም፤ ባለ 32 አምፔር ሰክቶ፣ እጁን አራግፎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይወጣል። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቢበዛ የ20 አምፔር ብሬከር ነው የሚገባው። ከእንግዲህ መጋል የሽቦው ተራ ነው። ምን ይደረግ፣ ብርድ ነው ስንል ከርመን የለ? ቤቱ በግድግዳ ይሙቅልን! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብሎ የተረተው ሰው መቼም ቦይለር አልነበረውም።

የጥበባችን ቁንጮ ግን ሴፍቲ ቫልቩ ላይ ነው የሚታየው። ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል ከጋኑ ሥር የምትንጠለጠለዋ ትንሽ ናስ ማለት ናት። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲወጣ 0.8 ሊትር ገደማ ትርፍ ያመጣል፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስም ቫልቩ ያግደዋል፣ ስለዚህ በዚያች ቀዳዳ ይንጠባጠባል። ሥራዋ ነው! ጠብታው ሲታይ ግን ቤተሰቡ ይሸበራል። መጀመሪያ ባዶ ሃይላንድ ከሥሯ ይታሰራል። ሃይላንዱ ሞልቶ ይፈሳል፤ በጀሪካን ይተካል። ጀሪካኑም በሌሊት ሞልቶ ከታች ፎቅ ያሉት እትዬ ጣሪያቸው አልቅሶባቸው እየተቆጡ ይወጣሉ። ኮሚቴ ይጠራል። ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ጨርቅ ይጠምጠምበት የሚል ሐሳብ በአብላጫ ድምፅ ያልፋል። ጨርቁ ይበሰብሳል፤ ናስትሮ ይታከልበታል፤ ናስትሮ እርጥብ ላይ አልይዝ ይላል፤ ፌስታል ይታሰርበታል፤ አንድ ወጣት ማስቲካውን ከአፉ አውጥቶ ይሠዋል። ሁለተኛ ስብሰባ። በመጨረሻ ጠቢቡ ይመጣል፣ ቀዳዳዋን አየት ያደርጋል፣ ባለጥርስ ክዳን በቴፍሎን ጠምጥሞ ጥርቅም! ጠብታዋ ቆመች። ኮሚቴው አጨበጨበ፣ እትዬም መረቁት። ከዚያች ቀዳዳ ወደ ፍሳሹ አንድ ቀጭን ቱቦ ማውረድ ለማንም ትዝ አላለውም። ጋኑ ቀዝቅዞም መንጠባጠቧ ካላቆመ ደግሞ ወይ ቆሻሻ ይዟታል፣ ማንሻዋን ከፍ አድርጎ ማጠብ ነው፤ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፣ የግፊት መቀነሻ ማስገባት ነው።

ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁመው። ያ ክዳን ጋኑን ቦምብ ያደርገዋል። ቴርሞስታቱ ተጣብቆ አላጠፋም ያለ ቀን ውሃው መሞቁን አያቆምም። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት 92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ በታፈነ ጋን ውስጥ ግን ውሃው 100 አልፎም ሳይፈላ ይግላል፣ ጋኑ የተቀደደ ቅጽበት ከፊሉ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። ይህን ሕፃን በሚታጠብበት ክፍል ነው የሰቀላችሁት! አርዙን፣ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ፣ ቆርጦ የጣለውስ? ተከራይ «ውሃው ይነዝረኛል» ሲለው «በላስቲክ ጫማ ታጠብ» የሚለው አከራይስ? ለአንዲት ሽቦ ዋጋ የሰው ነፍስ ያስያዘ ሰው ምን ይባላል?

ይቅርታ፣ ወደ ውዳሴዬ ልመለስ። ፈጣን ሻወር ሂተር ገዝተው ሮቶውን 2 ሜትር ብቻ ከፍ አድርገው ላስቀመጡ ምስጋና ይገባቸዋል። ግፊቱ 0.2 ባር ነውና በውሃ ግፊት የሚነሳው ማብሪያው አይነሳም። ጠቢቡ ግን በሽቦ ቁራጭ አገናኝቶ ያስነሳዋል፤ ውሃ በሌለበትም ቀን ጭምር።

ደግሞ ማታ ማታ ቮልቴጁ 160 ሲወርድ እዩት። የ1500 ዋቱ ጉልበት 800 እንኳ አይሞላም፤ በ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሞቅ የነበረው 50 ሊትር ከ3 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። መፍትሔው ቀድሞ ማብራት ነበር። «ሬዚስታንሱ ደክሟል፣ በ3000 ቀይረው!» ይላል ጠቢቡ። ይቀየራል። ጎረቤትም ሰምቶ ይቀይራል፣ የጎረቤትም ጎረቤት። ቮልቴጁ 140 ይገባል። ጠቢባችን አሁን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ባለ 4000 ዋት የት እንደሚገኝ እያጠያየቀ ነው።