ኮሎራዶም ዝናብ የለም

ዴንቨር ላይ ሀበሻ ተሰብስቦ የሀገር ቤት ድርቅ ከተነሳ አንድ የማይቀር አስተያየት አለ። «የእነሱ አገር ለም ነው፣ ዝናቡም አይቀርባቸውም። ሰማዩ የጨከነው በእኛ ላይ ነው» ይላል አንዱ። ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ቡናው ይቀጥላል።

እኔ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ዴንቨርን ከካንሳስ በሚያገናኘው ኢንተርስቴት 70 ላይ ስመላለስ ነው የምኖረው። በምሥራቅ ኮሎራዶ ከላይመን እስከ በርሊንግተን ያለው ሜዳ ደረቅ ነው። ዝናቡና በረዶው ተደምሮ በዓመት የሚያገኘው 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የተወለድኩበት የሰሜን ወሎው ቆቦ ደግሞ በአማካይ ከ600 በላይ ያገኛል። አዎ፣ ቆቦ ይበልጣል።

እርግጥ ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል። የቆቦ ዝናብ አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ በአንዴ ይወርዳል። ከደጋው ጎርፍ ሆኖ ይመጣል፣ ገበሬው ያንን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ውስጥ ካላስገባ አልፎት ይሄዳል። የኮሎራዶው ገበሬ ብርድ ይረዳዋል፣ ትነቱ ይቀንስለታል። በዚያ ላይ መሬቱ በሺህ ሄክታር የሚቆጠር ስለሆነ ግማሹን ዘርቶ ግማሹን ለአንድ ዓመት ጦሙን ያሳድረዋል፣ እርጥበት እንዲያጠራቅም። ቆቦ ላይ አንድ ሄክታር የማይሞላ ማሳ ያለውን ሰው «ግማሹን አሳድረው» ብትሉት ይስቅባችኋል። የስንዴውንም ቃርሚያ እዚህ ሜዳው ላይ ይተዉታል፣ አፈሩን እንዲሸፍን። እኛ ጋ የማሽላ አገዳ የላሟ ምግብ፣ የምድጃው ማገዶ፣ የቤቱ ግድግዳ ነው። ማን ይተወዋል?

ይህን ሁሉ ብዬም ዋናው ልዩነት ሰማዩ ላይ ነው አልልም። አንድ ዓመት ሲከፋ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው? ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

የኮሎራዶ ገበሬም አንድ ጊዜ ብቻውን ተሸክሞት ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ ምሥራቅ ኮሎራዶ፣ በካንሳስ፣ በኦክላሆማና በቴክሳስ ሣሩን ገልብጠው ስንዴ የዘሩበት መሬት ድርቅ መታው። አፈሩ በነፋስ ተነስቶ ቀኑን አጨለመው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1935 የነበረው አውሎ ነፋስ ዛሬም «ጥቁር እሑድ» ይባላል። ባካ የሚባለው የኮሎራዶ ካውንቲ በ1930 ከ10 ሺህ በላይ ሰው ነበረው፣ ዛሬ 3,500 ገደማ ነው። ሰው መሬቱን ጥሎ ተሰደደ። የወሎ ሰው ይህን ታሪክ አስተርጓሚ ሳያስፈልገው ይረዳዋል።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። መንግሥት በ1935 የአፈር ጥበቃ ሕግ አወጣ። ከሰሜን ዳኮታ እስከ ቴክሳስ ነፋስ የሚሰብሩ ዛፎች አስተከለ፣ ቁጥራቸው ከ200 ሚሊዮን በላይ ነው። የተጎዳውን መሬት እየገዛ ወደ ሣር መለሰ። በ1938 ደግሞ የሰብል ኢንሹራንስ አቋቋመ። ዛሬ አንድ የስንዴ ገበሬ ለኢንሹራንሱ ከሚከፈለው ዓመታዊ ክፍያ በአማካይ 60 በመቶ ያህሉን የሚከፍልለት የፌደራል መንግሥት ነው። ዝናብ ቀረ፣ በረዶ ቡቃያውን ደበደበው፣ ገማች ይመጣል፣ ማሳውን ያያል፣ ቼክ ይላካል። በርሊንግተን አካባቢ ነዳጅ ስቀዳ ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ስለዚያ ዓመት ስንዴው ስጠይቀው «ምንም የለም» አለኝ። ፊቱ ላይ ግን ድንጋጤ አላየሁም። ስለ ቤዝቦል ነበር ማውራት የፈለገው።

ሥርዓቱ ነውር የለበትም ማለቴ አይደለም። ድጎማው የሚያደላው ለትልልቆቹ ነው። ትንሹ ገበሬ መሬቱን ለጎረቤቱ እየሸጠ ወጥቷል፣ ከተሞቹም የሙት ከተማ መስለዋል። በአንዳንዶቹ ዋና መንገድ ላይ ከእህል ጎተራውና ከነዳጅ ማደያው በቀር ክፍት ነገር አታገኙም። ቢሆንም ኢንሹራንስ ያለው ገበሬ በአንድ መጥፎ ዓመት ብቻ እርሻውን ማጣቱ ብርቅ ነው።

አሁን ቆቦን እንይ። ጥሩ ገበሬ ሚያዝያ ላይ በበልጉ ዝናብ ደጋሊት ወይም ጅጉርቴ ማሽላ ይዘራል፣ ኅዳር ላይ ያጭዳል። በልጉ ከቀረ ማሳውን ገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ይሞክራል። እሱም ካልሆነ ሐምሌ ላይ ጤፍ። ክረምቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከተቋረጠ ጤፉም ገለባ ይሆናል። ያኔ በሬው ገበያ ይወጣል። ችግሩ የሁሉም በሬ አብሮ መውጣቱ ነው። የበሬው ዋጋ ይወድቃል፣ የእህሉ ይሰቀላል። በሬ ሸጦ የሚገዛው እህል ጥቂት ወር አያደርስም። በዓመቱ ዝናቡ አምሮ ሲመጣ ደግሞ ገበሬው በሬ የለውም። አንድ የቀረው በመቀናጆ ያርሳል። ጭራሽ የሌለው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፣ ምርቱን ይካፈላል። ሰማዩ የታረቀው በአንድ ዓመት ነው፣ ቤቱ ግን እስከ ሦስትና አራት ዓመት አይታረቅም። በዚህ መሃል በ2013 ዓ.ም. አንበጣ መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነት። ማሽላ እያረረ ይስቃል ይባል የለ፣ ስልክ ስደውል አጎቴ «ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን» ነው የሚለኝ።

እኛ ጋም ምንም አልተሠራም ማለት ግፍ ነው። ሴፍቲኔት የሚባለው የእርዳታ ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሰው በሬውን ሳይሸጥ በፊት ይድረሰው፣ በምትኩ እርከን ይሥራ፣ ተራራውን ያልማ። እርከኑ ዛሬም አለ። ክፍያው ሲዘገይ ግን በሬው ቀድሞ ይሸጣል፣ ያኔ ትርጉሙ ይጠፋል። ትግራይ ቆላ ተምቤን ውስጥ አዲ ሃ በምትባል ቦታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ለ200 ቤተሰብ የአየር ሁኔታ ኢንሹራንስ ተሞክሮ ነበር። ደሃው ገበሬ ክፍያውን በጉልበቱ፣ አፈርና ውሃ ጥበቃ እየሠራ ከፈለ። ዝናቡ የሚለካው በሳተላይት ነበር። ለእኔ ከትራክተር የበለጠ ዘመናዊ ነገር ይህ ነው።

ትራክተር ካልኩ አይቀር፣ ዳያስፖራው ስለ ገጠር ሲያወራ ወይ ትራክተር ወይ ምርጥ ዘር ነው። ዘሩ ቀልድ አይደለም። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ፍሬ ናቸው። ይሁንና የቆቦ ገበሬ ቶሎ የሚደርስ ዘር ሲሰጡት ሁለት ጥያቄ አለው። አገዳው ምን ያህል ነው? ከሌላው ቀድሞ ሲያፈራ የአገሩ ወፍ ሁሉ የሚወርደው እኔ ማሳ ላይ አይደለም ወይ? ልጆቹን ወንጭፍ አስይዞ ማማ ላይ የሚያውል ሰው ይህን ማስላቱ ግትርነት አይደለም።

እስከዚያው የቆቦ ገበሬ ኢንሹራንስ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በጅቡቲና በየመን አድርጋ ሪያድ የገባችው ልጁ ናት። እኔና እናንተም ነን። ክፍያ የለው፣ ውል የለው፣ ስልክ ሲደወል ይላካል። የእኛ ችግር ሰዓቱ ነው። ገንዘብ የምንልከው የድርቁን ፎቶ ስናይ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። በሬው ግን የተሸጠው ጥቅምት ላይ ነው። ስለዚህ የአካባቢያችን ልጆች ስብሰባ ላይ አንድ ነገር አቀረብኩ፤ በየወሩ ጥቂት እናዋጣ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ከተቋረጠ ማንንም ሳንጠብቅ መስከረም ላይ ይላክ፣ በሬ እንዳይሸጥ ተብሎ።

አንዱ ተናደደ። «እስከ መቼ ነው ገበሬ የምንደጉመው? ራሱን አይችልም?»

ስለ በርሊንግተኑ ሽማግሌ ነገርኩት። እኛም እዚህ ግብር ስንከፍል እሱን ስንደጉመው እንኖራለን፣ እሱም ሺህ ሄክታር ያለው ሰው ነው።