ወደ ኬዳርናት የሚወስደው ደብተር

ለንደን አብራኝ የምትሠራ አንዲት የሕንድ ጉጃራት ግዛት ተወላጅ የ72 ዓመት እናቷን ይዛ ኬዳርናት ልትሳለም ተነሥታለች። ኬዳርናት በሰሜን ሕንድ፣ በኡታራካንድ ግዛት፣ ሂማላያ ላይ በ3,583 ሜትር ከፍታ የቆመ የሂንዱዎች አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ ነው። መኪና ጋውሪኩንድ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት አለ። እግሩ ያልቻለ በበቅሎ ወይም ሰው በጀርባው በሚያዝለው ቅርጫት ይወጣል። ሄሊኮፕተርም አለ፤ እናትየዋ ግን «ስለቴ በእግር ነው» ብለዋል።

ቀን ቆርጦ ትኬት መግዛት አይቻልም። በበረዶው ወራት መቅደሱ ስለሚዘጋ የአምላኩ ምስል ወደ ኡኪማት ከተማ ወርዶ ይሰነብታል፤ በሩ የሚከፈትበት ቀን የሚታወጀው የሺቫ በዓል በሆነው በሺቫራትሪ ነው። እስኪታወጅ ድረስ ባልደረባዬ ደብተር ከፈተች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አሳየችኝ። የደም ግፊት መድኃኒት በሁለት ሻንጣ ተከፍሎ ይያዝ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ። ሰውነት ከፍታውን እንዲለምድ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት ይታደር። እናቷ ጉጃራት ውስጥ አህመዳባድ ከተማ ሆነው በየማለዳው መናፈሻውን ስንት ጊዜ እንደዞሩም ተጽፏል፦ ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት፣ «ጉልበት አሞኛል»፣ ሁለት።

ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰኔ 2013 ጎርፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። ከመቅደሱ ጀርባ አንድ ግዙፍ ቋጥኝ ተገትሮ ውኃውን ለሁለት ስለከፈለው ሕንጻው ተረፈ፤ ምእመናን ዛሬ ቋጥኙንም ይሳለሙታል። አሁን ሳይመዘገቡ መውጣት ክልክል ነው።

ደብተሩን ሳይ እናቴ ትዝ አለችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በሶዋን ቋጥራ፣ ዱላዋን ይዛ፣ ከአዳማ ተነሥታ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ሄደች። የነገረችኝ ከተመለሰች በኋላ፣ እግሯ አብጦ ነው። ለምን አልነገርሽኝም ብላት «ልጄ፣ ማርያም ከጠራች ማን ይከለክላል?» አለችኝ። የኬዳርናት ተሳላሚዎችም ሺቫን «ባባ» (አባት) እያሉ «ባባ ካልጠራ ማንም አይደርስም» ይላሉ። ጥሪው አንድ ዓይነት ነው።

በአገራችን የምወደው አለ። እናቴ መኝታ አልያዘችም፤ መሽቶባት የማታውቀው ሰው ቤት «የእግዜር እንግዳ» ተብላ እግሯን ታጥባ አደረች። ይህ እንዲቀር በፍጹም አልፈልግም። ነገር ግን ዝግጅት የእምነት ማነስ ይመስለን እንደነበር አሁን ይቆጨኛል። መጥራቱ የማርያም ነው፤ የእናቴ ጉልበትና መድኃኒት ግን የእኔ የልጇ ድርሻ ነበር።

ዘንድሮ መንገዱ ሰላም ከሆነ እንደገና ትሄዳለች፤ እኔም አብሬያት። ግፊቷን የምትለካላት ነርስ የአክስቴ ልጅ ናት። ትናንት ለእናቴ ስደውል «ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑን ሁለት ጊዜ ዞርኩ፣ አልደከመኝም» አለችኝ። ጻፍኩት።