ቻርጁ ሁለት ሳምንት ይቆያል

ጠዋት መስቀል አደባባይ ብቅ ካላችሁ፣ ከሚሮጠው ሰው የማይተናነስ ስማርት ሰዓቱን የሚያይ ሰው አለ። ደረጃውን ወጣ፣ ሰዓቱን አየ። ወረደ፣ አየ። ሰዓቱ ካልመዘገበለት ላቡ ላብ አይመስለውም።

እስቲ ዕቃው እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቁት።

«አሪፍ ነው! ቻርጁ ሁለት ሳምንት ይቆያል።»

«መቼ ገዛኸው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

የዩቲዩብ ገምጋሚዎቹም ያው ናቸው። ካርቶን ይከፍታሉ፣ ላስቲክ ይልጣሉ፣ ስክሪን ያደንቃሉ፣ ጥቂት ቀን አስረውት «ግዙት» ይላሉ። የሰርጉ ድንኳን ሳይነቀል ስለ ትዳሩ መመስከር ነው። ከዚያ እነሱ ወደ ሌላ ሰዓት ይሄዳሉ፤ እኛ ከዚህኛው ጋር እንቀራለን።

ጉዱ የሚመጣው ኋላ ነው። ሊቲየም ባትሪ በዕድሜና በቻርጅ ብዛት አቅሙ ይደክማል። ያ ሁለት ሳምንት የሚቆየው ጀግና እያደር ቶሎ ቶሎ ሶኬት ይለምናል። ማሰሪያው ሲበጠስ ደግሞ መርካቶ ትወርዳላችሁ፤ «የዚህ ሞዴል ቀርቷል» ይሏችኋል።

«50 ሜትር ውኃ ይችላል» የሚለውስ? ላብራቶሪ ውስጥ፣ አዲስ ሳለ የተለካ ግፊት ነው እንጂ የዕድሜ ልክ ቃል ኪዳን አይደለም። ውኃ የሚያግደው ጎሚኒ ያረጃል። ሳሙናና እንፋሎት ደግሞ አይወድም። ይህን ማን ነግሮት፣ ሰውዬው እንዳሰረው ፍልውኃ ይገባል።

አንዳንዱ ጉድ ሲወጣ ዓመታት ይፈጃል። ፊትቢት አዮኒክ የተባለው ስማርት ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ባትሪው እየጋለ ሰው ማቃጠሉ ታውቆ እንዲመለስ የተጠራው በ2022 ነው። የመጀመሪያ ሳምንት ግምገማ ይህን ከየት ያምጣው? እንቅስቃሴ የሚመዘግብ የእጅ አምባር ይሠራ የነበረው ጆውቦን ደግሞ ጭራሽ ኩባንያው ራሱ በዚያው በ2017 ፈረሰ። ኩባንያው ሲሄድ አፑም ይሄዳል፤ የእጅ አምባር ይዞ መቅረት ነው።

ለእኔ ሁነኛው ገምጋሚ ከፒያሳ ፈረሳ የተረፉ አንድ ሰዓት ሠሪ ናቸው። አንድ ወጣት የሞተ ስማርት ሰዓቱን ሰጣቸው። መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አገላበጡት። ብሎን የለውም፤ በሙጫ የታሸገ ነው።

«ጋሼ፣ ይሠራል?»

«የአባትህ ሰዓት አለ?»

«አለ፣ ቆሟል።»

«እሱን አምጣልኝ፣ ልጄ።»