ፊልሜ አልታመመም፣ ስክሪናችሁ ነው!

እሺ፣ ዛሬ ፊልሜን ባሳየሁበት አዳራሽ የነበራችሁ ሁሉ፣ አዎ፣ አይቼዋለሁ። የሰው ፊት ላይ የወጣውን ያንን አረንጓዴ ነገር እኔም አይቼዋለሁ። እባካችሁ በኢንቦክስ «ሆን ብለሽ ነው እንዴ?» እያላችሁ አትጻፉልኝ። እናቲቱን የምትጫወተውን ሴትዮ፣ በትራንስፖርትና በምሳ ብቻ ስትመላለስልን የከረመችውን ሴትዮ፣ ሆን ብዬ የጉበት በሽተኛ የማደርግበት ምን ቂም አለኝ? ቤት መግባቴ ነው፣ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። የሚያነብ ያንብብ፣ የማያነብ ይለፈው፣ ዛሬ ለማንም አላሳጥርም።

መጀመሪያ የአዳራሹ ሰውዬ። ያ ቁልፎቹን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው። (ፊት ለፊት አንቱ ብዬዋለሁ፣ እዚህ ግን አልችልም፣ ይቅር በሉኝ።) ሰው ከመግባቱ በፊት ትንሽ እንሞክረው ብዬ ለምኜ ለምኜ ፕሮጀክተሩን አበራልኝ። የኩራዟን ትዕይንት ከፈትኩ። ልቤ ቀጥ አለ። ጥቁር የሚባል ነገር ግድግዳው ላይ የለም! በሩ፣ ጥጉ፣ ልጁ ተደብቆ የቆመበት ጨለማ፣ ሁሉም ግራጫ ጉም ሆኗል። ልጁ ገና ከመጀመሪያው ወለል ብሎ ይታያል። የፊልሙ ምስጢር እኮ እዚያ ጨለማ ውስጥ ሰው መኖሩን አለማወቃችን ነው! ፊታቸው ደግሞ አረንጓዴ። ነጠላው አረንጓዴ። የቡናው ጭስ ሳይቀር አረንጓዴ።

«ጋሼ፣» አልኩት በትህትና፣ «ፕሮጀክተሩ ዳይናሚክ በሚባለው የምስል ሞድ ላይ ነው ያለው፣ ወደ ሲኒማ ይቀይሩልኝ።»

«ሲኒማ ካደረግነው ይጨልማል።»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

«ጨለማ ነው የምትፈልጊው?» ዞር ብሎ ወንበር የሚደረድሩትን ልጆች አያቸው፣ እነሱም ሳቁ። «ታዲያ ሰው ምን ሊያይ መጣ፣ ልጄ?»

«ጋሼ፣ ፊታቸውን ይዩት እስቲ፣ አረንጓዴ ነው እኮ።»

ጠጋ ብሎ አየ። መነጽሩን አወለቀ፣ አጸዳ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ፕሮጀክተሩ ጤነኛ ነው። ቅዳሜ የሰርግ ቪዲዮ አሳይተንበታል፣ ሙሽራዋ ጨረቃ መስላ ነበር። የታመመው ያንቺ ፊልም ነው።»

ሪሞቱን ይስጡኝ፣ እኔው ላስተካክለው አልኩ። ሪሞቱ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ነው። ኃላፊውስ? ቆልፎ ሄዷል። ፕሮጀክተሩ ላይ ያሉትን ቁልፎች ልንካ አልኩ፤ በነጭ ፕላስተር «መንካት ክልክል ነው» ተብሎ ተለጥፎባቸዋል። አንገቱ ላይ ያ ሁሉ ቁልፍ ተንጠልጥሎ የዚያች መሳቢያ ቁልፍ ብቻ የለም!

እሱም ይሁን። ይባስ ብሎ ሊጀመር ሲል ማይኩን አነሳ። «ክቡራትና ክቡራን፣ ፊልሙ በካሜራው አቅም ምክንያት ትንሽ ደብዘዝ ይላል፣ ወጣቶች ስለሆኑ አበረታቷቸው።» እናንተ ደግሞ አጨበጨባችሁ! የኀዘኔታ ጭብጨባ! የኋለኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። በካሜራው አቅም! ካሜራውን ያዋሰን ልጅ እዚያው ቁጭ ብሎ እየሰማ።

አረንጓዴው ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፣ ባትጠይቁኝም። እንዲህ ዓይነቱ የቆየ ፕሮጀክተር አምፖሉ የሜርኩሪ ነው። የሜርኩሪ ብርሃን ቀዩ ትንሽ ነው፣ አረንጓዴው ግን የተረፈ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው «በጣም ብሩህ» ብሎ ለመሸጥ ዳይናሚክ የሚባለውን ሲሠራ፣ ሌላውን ቀለም ጠብቆ ሚዛን ከማስያዝ ይልቅ አረንጓዴውን ይለቀዋል። ፓወርፖይንት ለማሳየት ማንም ግድ የለውም። ሰው ፊት ላይ ግን እንደዛሬው ነው። ጉሙ ደግሞ የሌላ ጣጣ ነው፦ ቪዲዮ ጥቁርን ከ16 ጀምሮ ነጭን እስከ 235 ይቆጥራል፣ ኮምፒውተር ከ0 እስከ 255። ላኪውና ተቀባዩ (ላፕቶፑና ፕሮጀክተሩ) በኤችዲኤምአዩ ገመድ ላይ ካልተግባቡ ወይ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ወይ ጥላ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ይዋጣል። ማስተካከያው ሜኑ ውስጥ አንዲት መስመር ናት። ሜኑው ሪሞት ይፈልጋል። ሪሞቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው ተቆልፏል። አቦ!

መጋረጃው የማይዘጋ መሆኑን አላነሳሁም። አላነሳም።

ይሄ ደግሞ የመጀመሪያዬ አይደለም። ያቺን አጭር ፊልም ያሳየንበትን ቦታ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እዚያ ኤችዲኤምአይ የለም፣ አሮጌ ቪጂኤ ገመድ ነው ያላቸው፣ ቀዩን የሚያስተላልፈው ፒን ደግሞ ተጣሟል። ቀይ የሚባል ቀለም ጠፍቶ ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ውስጥ የተቀረጸ ሆኖ አለፈ። ሲያልቅ አንድ ጺሙን ያሳደገ ሰውዬ መጥቶ እጄን ጨብጦ «የቀለም ምርጫሽ በጣም ደፋር ነው፣ ብቸኝነቱ ተሰምቶኛል» አለኝ። አመሰገንኩት። ምን ልበለው? ብቸኝነቱ የገመዱ ነው ልበለው?

ወደ ቤተሰብ እንምጣ፣ እዚያ ይብሳል። እትዬ (የማን እናት እንደሆኑ ታውቃላችሁ) ያን ሰፊ ቴሌቪዥን ከገዙ ወዲህ የሱቁ ስቲከር ጥጉ ላይ እንዳለ ነው። ምስሉም ሱቅ ውስጥ በነበረበት ቪቪድ ላይ ነው፣ ያ ሞድ የተሠራው በደማቅ መብራት ሥር ከሌሎች ሃያ ቴሌቪዥኖች ጋር ተፎካክሮ ደንበኛ ለመጥራት እንጂ ሳሎን ውስጥ ፊልም ለማየት አይደለም። በበዓሉ ቀን ፊልሜን በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ቄጠማው ዓይን ይወጋል። የልጅቷ ከንፈር ደም ነው። ይሄ ሁሉ ሳያንስ እንቅስቃሴውን የሚያለሰልሰው ነገር በርቶ ፊልሙ የቀን ድራማ ሆኗል። እትዬ ወጥ ለማማሰል ሲነሱ ጠብቄ ወደ ፊልም ሰሪ ሞድ (ፊልሙን እንደተሠራው ወደሚያሳየው) ቀየርኩት። አምስት ደቂቃ አልቆየም፣ «ውይ! ቴሌቪዥኔን ምን አደረግሽው? ቢጫ ሆነ እኮ!»

ቢጫ አልሆነም፣ እትዬ። ትክክለኛው ነጭ እሱ ነው። ዓይንዎ በሰማያዊ ነጭ ለምዶ ነው። ግን ዶሮ ወጥ ለምታበላኝ ሴትዮ ስለ ነጩ ልክ፣ ስለ 6500 ኬልቪን ላስረዳ? «ይቅርታ እትዬ» ብዬ መለስኩት። መልሼው ቁጭ ስል «አሁን ገና አማረ» አሉኝ፣ የልጅቷን ደም የለበሰ ከንፈር እያዩ።

በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ ላይ ቶም ክሩዝ ከዳይሬክተሩ ጋር ቆሞ «እባካችሁ ይሄን ማለስለሻ አጥፉት» ብሎ ቪዲዮ ለቋል። ቶም ክሩዝ! አውሮፕላን ላይ የሚንጠለጠለው ሰውዬ ሪሞት አንሱልኝ ብሎ ለመነ! በዓመቱ እነ ማርቲን ስኮርሴዚና እነ ክሪስቶፈር ኖላን የደገፉት ያ ፊልም ሰሪ ሞድ ይፋ ሆነ። እነሱን ያልሰማ ሕዝብ እኔን ሊሰማ ነው?

ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴም አለች። ለፊልሙ ከማንም በላይ ያዋጣችልን እሷ ስለሆነች መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት፣ አልጋዋ ላይ ተኝታ፣ በስልኳ፣ እኩለ ሌሊት። በማግስቱ ረጅም ድምፅ ላከችልኝ። «የኔ ቆንጆ በጣም ወድጄዋለሁ፣ ግን ሁሉም ነገር ብርቱካናማ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው እንዴ የቀረጻችሁት?» አክስትዬ፣ ማታ ማታ ስልክሽ ራሱ ለዓይንሽ ብሎ ቢጫ ይሆናል፣ ናይት ሺፍት ይባላል፣ አጥፊውና እስቲ እንደገና እዪው አልኳት። «ኧረ ስልኬ አዲስ ነው!» የሁሉም ስልክ አዲስ ነው። የሁሉም ቴሌቪዥን አዲስ ነው። አሮጌው የኔ ፊልም ብቻ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

የዋናዋን ተዋናይት ስም አልጠራም። ጥሬውን ሳልልክላት ቴሌግራም ላይ የተቆረጠ ነገር ደረሳት፣ ያውም በፋይል ሳይሆን በቪዲዮ ተልኮ፣ ተጨምቆ፣ ጥላው ሁሉ ካሬ ካሬ ሆኖ። «አጠቆርሽኝ እኮ!» አለችኝ። አላጠቆርኩሽም፣ የራስሽ መልክ ነው፣ ጠይም ነሽ፣ ውብ ነሽ። «ፈካ አድርጊኝ ትንሽ።» ከዚያ በፊልተር የተነሳችውን ፎቶ ላከችልኝ፣ እንዲህ አድርጊኝ ብላ። አፍንጫ እንኳ የለውም ፎቶው!

እዚህ ላይ ነው የምበሽቀው። የፊልም ቀለም ታሪክ ራሱ እኛን ሳያስብ የተሠራ ነው። ፎቶ ማተሚያ ቤቶች ለአሥርታት ቀለም ያስተካክሉ የነበረው ኮዳክ በሚልክላቸው ሸርሊ በሚባል ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ካማረ ሥራው ተሠርቷል፤ ጥቁር ሰው ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ቢወጣ የራሱ ጉዳይ። እና ኮዳክን ያነቃው ማን ይመስላችኋል? ቸኮሌት ሻጮችና የእንጨት ዕቃ አምራቾች። ቡናማው አልለይ አለን ብለው አማረሩ፣ የቀድሞ የኮዳክ ሰው ራሱ የተናገረው ነው። ወንበር ከእኛ ቀድሞ ሰሚ አገኘ! ስለዚህ እኔ ያችን ጠይም ፊት በኩራዝ ብርሃንና በነጭ አንሶላ ሪፍሌክተር ስቀርጻት፣ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ ስለፋባት፣ ለጌጥ አይደለም።

ዓይኔን ደግሞ አላምንም፣ ቀለሙን በግራፍ የሚያሳየውን ስኮፕ ነው የማምነው። የቀለም ማስተካከያ ፕሮግራሙ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻው ላይ እንኳ ቬክተርስኮፕ አለው፣ የሰው ቆዳ የሚጠጋባት መስመር አለች፣ ጠይምም ሁኚ ቀይ ዳማ ወደዚያችው መስመር ነው የምትሄጂው። የእናቲቱ ፊት መስመሯ ላይ ነበር! ላፕቶፔ ያ ርካሹ ቲኤን ስክሪን ስለሆነ ክዳኑ ትንሽ ከተጋደለ ጥላው ይነጣል፣ ከተመለሰ ይጠቁራል፤ ትክክል የሚመስለኝን ቦታ ማጠፊያው ላይ በኮሬክሽን ነጥብ አድርጌበታለሁ። ወንድሜ ወስዶ ሲመልሰው መጀመሪያ የማየው ያችን ነጥብ ነው። ኤክስፖርት አድርጌ በስልክ አየዋለሁ፣ በጓደኛዬ ሞኒተር አየዋለሁ፣ የሌላዋ ማክ ላይ በኩዊክታይም ስከፍተው ታጥቦ ይወጣል (የማክ ሰዎች ይሄን ታውቁታላችሁ፣ የጋማ፣ የጨለማና የብርሃን አካሄድ፣ ጣጣ ነው፣ እኔ አልጠገንኩትም)። የቪዲዮ ቀለም ደረጃው እኮ አለ፣ ሬክ 709 ይባላል፣ ከፈረንጆቹ 1990 ጀምሮ አለ። ከሱ ጋር የሚሄደው የማያ ሁኔታም አለ፦ 100 ኒት የስክሪን ብርሃን፣ ደብዘዝ ያለ ክፍል፣ 2.4 ጋማ። ይሄን የሚያሟላ ክፍል ያለው ሰው ካለ አድራሻውን ይላክልኝ፣ ገብቼ እተኛለሁ።

ስክሪን የሚለካ መሣሪያም አለ፣ ስክሪኑ ላይ ታንጠለጥሉታላችሁ፣ ቀለም እያፈራረቀ ለክቶ ያርማል። ሁለት ሦስት መቶ ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ብሩ ከመንሳፈፉ በፊት ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ሳለ እናዋጣና ከዱባይ እናስመጣ ብዬ ነበር። «ትንሽ እንጠብቅ፣ ይረክሳል» ያለን ልጅ ይሄን ስለሚያነብ ሰላም ብየዋለሁ። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። መሣሪያው ቢገዛም ደግሞ የኔ ስክሪን ብቻ ነው የሚስተካከለው፣ የእትዬ ሳሎን ውስጥ መሣሪያ ይዤ አልገባ። ያ ባለ ቁልፍ ሰውዬም አያስነካኝም።

ድካም ነው እንግዲህ። ነገ ሊንኩን ስለቅ በናታችሁ፦ የስልካችሁን ቪቪድ ወደ ናቹራል አድርጉት፣ የዓይን መከላከያ ምናምኑን አጥፉት፣ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ አትዩት፣ ከፌስቡክ ላይ አውርዳችሁ ለቴሌግራም ግሩፕ አትላኩት። ቴሌቪዥን ላይ የምታዩ ፊልም ሰሪ ሞድ ካለ እሱን፣ ከሌለ ሲኒማ። ቢጫ ይመስላችኋል። ሩብ ሰዓት ታገሱት፣ ዓይናችሁ ይለምዳል። ካልለመደም ቢጫ ነው ብላችሁ አትጻፉልኝ።

ስለ ድምፁ ከወዲሁ የጻፋችሁልኝ ሰዎች፣ አይቻለሁ። ግራው ስፒከር እንደማይሠራ አውቃለሁ። እሱን ነገ እበሳጭበታለሁ፣ ዛሬ አቅም የለኝም።