ጠባቂው ራሱ ሲያጠቃ

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን አሳይተው ቆሙ። በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ሥራቸው ተስተጓጎለ። ጠላፊ ግን አልነበረም። ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ የላከው ስህተት ያለበት ፋይል ነው ይህን ሁሉ ያደረገው።

ከዚያ በፊትም፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የማክአፊ ጸረ ቫይረስ የዊንዶውስ ኤክስፒን ዋና ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ አጥቅቶ ነበር። ሐኪሞች ይህን ዓይነት ነገር ያውቁታል። የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ ማለት ነው።

ሰውነታችን ይህን አደጋ ለመከላከል የሚከፍለው ዋጋ ይገርመኛል። ቲ ሴሎች የሚባሉት የሰውነት መከላከያ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ደም ከመለቀቃቸው በፊት ከደረት አጥንት ጀርባ ባለችው ታይመስ በምትባል እጢ ውስጥ ይፈተናሉ። የራስን አካል አጥብቆ የሚይዝ ሴል እዚያው ይሞታል። ከሚፈጠሩት ውስጥ አብዛኞቹ ፈተናውን አያልፉም። የዚህ ብክነት አንዱ ምክንያት ራስን ላለመጉዳት ነው።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ስቴፋኒ ፎረስትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1994 ይህንኑ ሐሳብ ወደ ኮምፒውተር አመጡት። መጀመሪያ ባዕድ መረጃን ለመለየት የሚያገለግሉ ብዙ መለያዎች በዘፈቀደ ይፈጠራሉ። ከጤናማው መረጃ ጋር የሚገጥም መለያ ይጣላል። ለጥበቃ የሚሰማራው የተረፈው ብቻ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ገበያው ከዚህ ትምህርት ግማሹን ብቻ መውሰዱ ነው። ባዕዱን ማደን ላይ በርትቷል፤ ራስን አለመጉዳት ላይ ግን ቸል ብሏል። የክራውድስትራይክ ችግር እንደ ማክአፊው ወዳጅን ከጠላት የማምታታት አልነበረም፤ ፋይሉ ሶፍትዌሩን ራሱን ነው የጣለው። ግን የጎደለው ነገር አንድ ነው፦ ከመለቀቅ በፊት በጤናማ ማሽን ላይ መፈተን።

«ጥቃት በደቂቃዎች ስለሚዛመት መዘግየት አይቻልም» የሚሉ አሉ። ፍጥነት እንደሚያስፈልግ አልክድም። ነገር ግን መጀመሪያ ጥቂት ማሽኖች ላይ ሞክሮ ቀስ በቀስ ማስፋት ቀናት አይወስድም። ክራውድስትራይክ ራሱ ከአደጋው በኋላ ወደዚህ አሠራር ገብቷል።

ደንበኞች በወቅቱ የሶፍትዌሩን አዲስ ስሪት ማዘግየት ይችሉ ነበር። ያ ፋይል ግን በሌላ መንገድ ስለሚመጣ ማንንም ሳይጠይቅ ገባ። ስለዚህ ባንክም ሆነ ሆስፒታል ውል ሲፈርም «ስንት ቫይረስ ትይዛላችሁ?» ብሎ አያብቃ። «አዲሱን ፋይል መጀመሪያ የት ነው የምትሞክሩት? እኔስ ላዘገየው እችላለሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።