ተራ ሰው፣ ያለ ተራው

ተመስገን ነው፤ እንደዚህ ዘመን ትህትና በዝቶ አያውቅም። ታዋቂ ሰዎቻችን አንድ በአንድ ተራ ሰው እየሆኑልን ነው። አንዱ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ የጀበና ቡና ፉት ይላል። አንዷ ጉሊት ወርዳ ሽንኩርት ትመርጣለች። ካሜራው? እሱማ በአጋጣሚ ሲያልፍ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ለኔም ደረሰኝ። መገናኛ፣ የአራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ዝናብ እየወረደብኝ 40 ደቂቃ ቆሜያለሁ። አንድ ታዋቂ ሰው ካሜራ የያዙ ሦስት ልጆች አስከትሎ ከች አለ። "እኔም እንደናንተው ነኝ" አለና ቀጥታ ጋቢና ገባ። በሩን የከፈተለት ራሱ ተራ አስከባሪው ነው። ለካ ተራ ሰው ለመሆን ተራ መጠበቅ አያስፈልግም!

መንገድ ላይ "ወራጅ አለ!" አለ። ሹፌሩ ቆመ። የሚወርድ የለም። "ድምፁ አልገባም፣ ድገመው" አለው ባለካሜራው። ትንሽ ሄድን። "ወራጅ አለ!" ቆምን። ከኋላችን ያለው መኪና ክላክሱን ለቀቀው። በሦስተኛው ፈገግታው አነሰ ተባለ። በአራተኛው የምር ወራጅ የሆኑ አንድ አባት "ልጄ፣ እኔ ልውረድ ወይስ ገና ነው?" ብለው ጠየቁ። ቀጥሎ ሂሳብ መጣ። ለአንድ ፌርማታ 200 ብር ዘረጋ። መልሱን ሲቀበልም መቀረጽ ስላለበት ረዳቱ ዝርዝር ፍለጋ እኛ ላይ ዘመተ። ሾላ ላይ ወረደ። ከመገናኛ ጀምሮ ሲከተለን የነበረው ቪ8 በሩን ከፍቶ ተቀበለው።

ሰልፉ ላይ ከኋላዬ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። እነዚያ አራቱ ባይገቡ ኖሮ ይደርሳት ነበር። ዝናቡ ላይ ቀረች። እኔም አልወረድኩላትም፣ እስካሁን ያሳፍረኛል። እኛ በየቀኑ የምንገፋውን ኑሮ ለ20 ደቂቃ ተውሶ ጭብጨባ መልቀም ግን ነውር ነው! ነውር!

ቪዲዮው ማታውኑ ወጣ። "ትሁቱ ወንድማችን በታክሲ" ይላል። ከሥሩ ሰው ሁሉ "ኩራት የሚባል አልፈጠረበትም" እያለ ይመርቀዋል። በትከሻው በኩል የሚታየው እርጥብ ክርን የኔ ነው፤ ለሱ ዝርዝር ኪሴን ስዳብስ።