ማስተካከያ፦ ‹‹ክራውድ›› እና ‹‹ሞብ›› አንድ አይደሉም

ባለፈው ጽሑፌ ‹‹ክራውድ››ም ሆነ ‹‹ሞብ›› የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የተሰበሰበ ሰው ማለት ስለሆኑ አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ክራውድ የሚናገረው ብዙ ሰው አንድ ቦታ መታጨቁን ብቻ ነው፤ ባቡር የሚጠብቀውም፣ ዘፈን ሊሰማ የወጣውም ክራውድ ነው። ሞብ ግን የተቆጣ፣ ልጓም ያጣ፣ ድንጋይ ለማንሳት የተዘጋጀ መንጋ ነው። ቃሉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ‹‹ሞቢሌ ቩልጉስ›› ከሚለው የላቲን ሐረግ ተቆርጦ የቀረ ነው፤ ትርጉሙም ‹ወላዋይ ተራ ሕዝብ› ነው። ስድብነቱ አብሮት የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሰላም የወጡ ሰልፈኞችን ሞብ ብሎ የጻፈ ሰው ያየውን አልዘገበም፤ ፈርዷል። እኔም በምሳሌዬ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

‹‹ፒፕልስ የሚባል ቃል የለም›› ያልኩትም ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ‹‹ፒፕል›› በሚለው ቃል ላይ ‹ሰዎች› ለማለት ከሆነ ‹ኤስ› አይጨመርም። ‹ሕዝቦች› ለማለት ከሆነ ግን ይጨመራል። በ1787 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ‹‹ዊ ዘ ፒፕል›› ብሎ ይጀምራል፤ በ1945 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ደግሞ ‹‹ዊ ዘ ፒፕልስ›› ይላል። የመጀመሪያው አንድ ሕዝብ ነው፣ ሁለተኛው ብዙ።

‹‹ኦዲየንስ›› እና ‹‹ስፔክቴተር›› ላይ ያልኩት ግን እንዳለ ነው፤ ስታዲየም ገብቶ ኳስ የሚያየው ስፔክቴተር ነው፣ ያንኑ ጨዋታ ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን የሚከታተለው ደግሞ ከኦዲየንሱ አንዱ።